ያላስያዘ አያነብም

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ይህን ደብተር ዛሬ በስብሰባው ላይ አደሉን። ሽፋኑ ላይ የረጂው ድርጅት ዓርማ አለበት። «ሐሳባችሁን ጻፉበት» ተባልን። ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁና እጽፍበታለሁ፤ ለእነሱ ግን አላሳይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ከእንግዲህ «የጋራ መማሪያ ማዕከል» ይባላል። ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ወጥተው ክብ ክብ ጠረጴዛ ይገባል። ግድግዳው ላይ ስክሪን ይሰቀላል። ተማሪው መጽሐፉን ራሱ ከመደርደሪያው ያነሳል፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተነጋገረ ይማራል። የእኔ ባንኮኒ ይነሳል።

ያስረዳን የኮምፒውተር መምህሩ ሮዳስ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ገና ስላልለመደው ስብሰባ ላይ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም። የሌላ አገር ልጆች ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ሲያነቡ የሚያሳይ ፎቶ አሳየን። «እንዲህ ፈታ ያለ ነገር ነው የምንፈልገው» አለ። ምንጣፉን የሚጠርገው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰው ሳቀ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ወልደአረጋይ ስብሰባውን ሲዘጋ «የዚህ ለውጥ ባለቤት ወይዘሮ ፅጌረዳ ናቸው» አለ። ሳያማክሩት የሚለውጡት ሰው ባለቤት ይባላል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ባንኮኒው ከመነሳቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ልጻፍ። ማንም አልጠየቀኝም።

እኔ ጋ ተማሪ መደርደሪያው ውስጥ አይገባም። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ መታወቂያውን ያስይዛል፣ መጽሐፉን ይቀበላል። ሲመልስ መታወቂያውን ይወስዳል። መታወቂያ የሌለው ሌላ ነገር ያስይዛል፤ ኮፍያ፣ ሰዓት፣ ሹራብ፣ ያለውን። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዱሮ መጽሐፍ በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ባንኮኒው ላይ «ያላስያዘ አያነብም» ብዬ ከለጠፍኩ ወዲህ የጠፋ የለም። ለቁጥጥር የሚመጡ ሰዎች ሁሉ አመስግነውኝ ነው የሚሄዱት።

ዘንድሮ መታወቂያ የሌላቸው በዝተዋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ካምፕ ለሚኖሩት ልጆች ገና አልተሠራላቸውም። ከእነሱ መሃል ታንጉ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለች። ሁልጊዜ ከሰዓት ትመጣለች። የምታስይዘው ጋቢዋን ነው። አጥፋ፣ በሁለት እጇ ባንኮኒው ላይ ታኖረዋለች። ከዚያ የባዮሎጂ መጽሐፏን ተቀብላ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ካምፑ ውስጥ አንዱ ድንኳን ለብዙ ሰው ስለሆነ ማንበቢያ የላትም አሉ። የዘንድሮውን ብሔራዊ ፈተና ካላለፈች የምትደግምበት አቅም እንደሌላትም ሰምቻለሁ። ከእሷ አይደለም የሰማሁት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይወራም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሮዳስ ሜትር ይዞ መጥቶ ባንኮኒውን ለካው።

«እትዬ ፅጌ፣ ይቺን ብናነሳት ክፍሉ እንዴት እንደሚተነፍስ ያያሉ።»

እስካሁን ታፍኖ እንደነበር አላወቅሁም። መጽሐፍ ሲሰረቅስ አልኩት።

«ይሰረቅ! የተሰረቀ መጽሐፍ ቢያንስ ተነቧል።»

ይህን ልጅ ማን መምህር እንዳደረገው እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ውርጭ ነው። ጠዋት የግቢው ቧንቧ ውሃ ከልክሎን አረፈደ፤ ውስጡ በረዶ ሠርቷል።

ታንጉ ገጽ የምትገልጠው በክርኗ ነው። መጀመሪያ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳይ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ነው። ጋቢው ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር። ልመልስላት አሰብኩ። ግን ነገ ሌላው መጥቶ ለእሷ የተፈቀደ ለእኔስ ይለኛል። ለአንድ ሰው የሚታጠፍ ደንብ ደንብ አይደለም። እኔም ካፖርቴን እንደለበስኩ በርዶኛል፤ ብርድ ለሁሉም እኩል ነው።

ስወጣ ሁለት መምህራን በረንዳው ላይ ያወራሉ።

«ፅጌረዳ ከባንኮኒው ጋር ካልተነሳች ያ ክፍል አይለወጥም።»

«ተያት፣ ጡረታዋ ደርሷል።»

አልደረሰም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

በችኮላ። ሰኞ ይመጣሉ የተባሉት ሠራተኞች ዛሬ ከምሳ በኋላ ዱብ አሉ። መጽሐፉ ሁሉ ወደ ካርቶን። ጠረጴዛ በር ላይ ተሰንቅሮ። አቧራ። መያዣ የነበረውን ዕቃ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ጨምሬ ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት። ሮዳስ «ቁልፉን ለእኔ ይተዉልኝ» አለ። አልሰጠሁትም። ንብረቱ በእኔ ስም ነው።

ዓርብ ዓርብ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል እስከ ሰኞ አውሳለሁ። ታንጉ ከምሳ በፊት ጋቢዋን አስይዛ ባዮሎጂውን ወስዳለች። ሰኞ ትመልሳለች፣ ጋቢዋን እሰጣታለሁ።

ነገ አንኮበር። የእናቴ ሙት ዓመት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6፤ አንኮበር

ሁሉም ደህና አለቀ። ቄሶቹም ዘመዶቹም በጊዜ ተሸኙ። እህቴ እናታችን ትተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ አነጠፈችልኝ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ደጁን ስለሞላው ከሰዓት በኋላ አጥሩ እንኳ አይታይም ነበር። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9፤ አንኮበር

መንገድ ተዘግቷል። ሰኞ መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ፣ ትናንትም እንዲሁ። ለምን እንደተዘጋ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው የሚጠይቀው መቼ እንደሚከፈት ብቻ ነው። ስልክም አይሠራም። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ማታ እሳት ስንሞቅ የቁልፉንና የጋቢውን ነገር ለእህቴ አነሳሁላት።

«ታዲያ ልጅቷ ምን ለብሳ ነው?» አለችኝ።

«ዩኒፎርም አላት።»

«በታኅሣሥ?»

«ደንብ ነው።»

«ልብስ አስወልቆ የሚያስነብብ ደንብ ደግሞ ማን አወጣው?»

እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። የዘንድሮ ገብስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11፤ አንኮበር

አሁንም ዝግ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

ሌላ ልብስ ይኖራታል። ለካምፑ ብርድ ልብስ ታደለ ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው የሚተኛበት ድንኳን ይሞቃል።

ቁልፉን ለሮዳስ ብተውለት ኖሮ ምን ይጠፋ ነበር? ካርቶኑ ውስጥ ያለው የልጆች ኮፍያ ነው። ይህን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ማሰቡ መንገድ አይከፍትም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ገባሁ። በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ወልደኪዳን ሰላም እንኳ ሳይለኝ ጀመረ።

«አንቺ ሴትዮ የት ጠፋሽ? አንዲት ልጅ መጽሐፍ ታቅፋ በየቀኑ እዚህ ትቆማለች። መጽሐፉን ልመልስና ጋቢዬን ልውሰድ ትላለች። በዚያች ስስ ሸሚዝ! እኔ ቁልፍ የለኝ ምን ላድርጋት?»

ሮዳስ ጓጉንቸሩ ይሰበር ብሎ ነበር አሉ። አቶ ወልደአረጋይ የንብረቱ ኃላፊ በሌሉበት አይሰበርም ብሎ ከለከለው። ትክክል ነው። እኔም ብኖር እንዲሁ እል ነበር።

«ከሐሙስ ወዲህ ቀርታለች» አለ ጋሽ ወልደኪዳን፣ እንደ ክስ።

ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ጋቢው እሷ እንዳጠፈችው ካርቶኑ ውስጥ አለ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ክፍሏ ሄጄ ጠየቅሁ። ትናንትም ዛሬም አልመጣችም። መጽሐፉ እሷ ጋ ነው። መጽሐፍ መከታተል ሥራዬ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ከሥራ በኋላ ካምፑ ሄድኩ። የሄድኩት መጽሐፉን ለማምጣት ነው። ጋቢውንም ይዣለሁ፤ መጽሐፍ ሲመለስ መያዣው ይመለሳል።

ድንኳኖቹ ተቀራርበው ስለተተከሉ በመሃላቸው ለመሄድ ጎን መሆን ያስፈልጋል። ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። እናቷ ወርቅነሽ ትባላለች፤ ደጃፍ ላይ ልብስ ታጥባለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን በቀሚሷ አብሳ ተነሳች።

«የትምህርት ቤቷ እትዬ ነዎት? ይግቡ እንጂ፣ ኧረ ይግቡ!»

ጄሪካን ገልብጣ ጨርቅ አንጥፋበት አስቀመጠችኝ። ታንጉ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደረቷን አሟት ጤና ጣቢያ ወስደዋታል፤ መድኃኒት ጀምራለች፣ ድምጿ ግን ተዘግቷል። በዙሪያዋ ሌሎች የካምፑ ተማሪዎች ተኮልኩለዋል። የእኔ ባዮሎጂ መሃላቸው ነው፤ ሽፋኑን በፌስታል ሸፍነውታል። አንዷ ታነባለች፣ አንዱ ከዚያው ጥያቄ ያወጣል፣ ታንጉ በተዘጋ ድምጿ ትመልሳለች፣ ከዚያ ይከራከራሉ። ሮዳስ በስክሪን ያሳየን ይህንኑ ነው። ክብ ጠረጴዛው ብቻ ነው የጎደለው።

እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። እኔን ሲያይ ዝም የማይል ተማሪ የለም። ሥራዬን የምለካበት አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ጋቢውን ከቦርሳዬ አወጣሁት።

«እንዴ! የእኛ ጋቢ!» አለች ወርቅነሽ። ተቀብላ አሸተተችው። «ለትምህርት ቤት ሰጠሁት ስትለኝ መዋጮ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሁሉም ያዋጣ ተብሎ ይሆናል፣ ከሰው እንዳታንስ ብዬ።»

መያዣ ነው ማለት ነበረብኝ። ታንጉ አየችኝ። እናቷም አየችኝ። ቦርሳዬን ዘጋሁት።

«እግዜር ይስጥልን። ችግራችንን አይታችሁ መለሳችሁልን። ልጆችዎን ያሳድግልዎት፣ ብርድ አይንካዎት» ብላ መረቀችኝ።

አሜን አልኩ። ቁጭ ብዬ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ አሜን አልኩ።

ልወጣ ስነሳ ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። «እስቲ ይቺን ልጅ ይምከሩልኝ። ትምህርቱን ትቼ ፋብሪካ ልግባ እያለች ነው። ማንበቢያው ተዘጋ፣ እሷም ታመመች። እኔም ግቢ ልላት ምንም አልቀረኝ።»

ታንጉ ከውስጥ ሰምታለች። «ማንበቢያው መቼ ይከፈታል እትዬ?» አለች።

«በቅርቡ» አልኩ።

መጽሐፉን ሳልይዝ መጣሁ። ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ከገና በኋላ ትምህርት ተጀመረ። ታንጉ መጥታለች። ከስታለች። ጋቢዋን ለብሳለች።

ሰኞ፣ ጥር 5

ክፍሉ አለቀ። ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሮቹ ቢጫና አረንጓዴ። መደርደሪያዎቹ ዝቅ ስላሉ ከበሩ ቆሞ እስከ ዳር መስኮቱ ይታያል። ያምራል። ይህን ለሮዳስ አልነግረውም። መጻሕፍቱ ግን ገና ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ወንበሮቹም ላስቲካቸው አልተገፈፈም።

ባንኮኒዬ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተጥሏል። ጽሑፌ እንደተለጠፈበት ነው። ጋሽ ወልደኪዳን ምሳውን ይበላበታል።

አቶ ወልደአረጋይን መቼ እንደምንከፍት ጠየቅሁት።

«ሲመረቅ ነዋ! ሪባን ሳይቆረጥ ማን ይገባል ወይዘሮ ፅጌረዳ? እንግዶቹ ሲመጡ አዲስ ሆኖ ማየት አለባቸው።»

ጥምቀት እንዳለፈ ይመረቃል ተብሏል።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ምርቃቱ ተላለፈ። ሪባን የሚቆርጠው እንግዳ ስብሰባ አለበት። ሌላ ቀን እንደሚነገረን ተነገረን።

ልጆቹ በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ላይ ግንባራቸውን ለጥፈው ወንበሮቹን ያያሉ። ታንጉ በሩ ጋ ጠበቀችኝ።

«እትዬ ፅጌ፣ አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አይከፈትም?»

«አልተመረቀም።»

ቃሉን ከአፌ ካወጣሁት በኋላ እኔው አፈርኩበት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የባሰ ነገር ሲነግሯት የኖረች ልጅ ናት።

«ፋብሪካው ሠራተኛ የሚቀበለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አለች። «ድንኳን ውስጥ ማታ መብራት የለም። ቀን ደግሞ ሕፃናቱ። እንዲሁ ፈተና ገብቼ ወድቄ ከምወጣ አሁኑኑ ልወስን ብዬ ነው።»

የክፍሉ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያዝ አድርጌው ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ክፍሉን ለማናፈስ ከፈትኩት። አዲስ ቀለም ካልናፈሰ ይሸታል።

ትናንት ለታንጉ፣ ነገ ጠዋት የጓሮው በር ክፍት ነው ብያት ነበር። ከካምፑ ልጆች ጋር መጣች። ባዮሎጂውን ይዘዋል። አንድ ነገር ብቻ አዘዝኳቸው፤ ላስቲኩ እንዳይነሳ። ላስቲኩ ላይ ተቀመጡ። ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ወንበሩ ይንሿሿል፤ አንዱ ሲንሿሿ ሁሉም ይስቃሉ። «ዝም በሉ!» አልኩ። ልማድ ነው። ዝም አሉ። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «እሺ፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ» አልኩ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አዲስ ሰሌዳ ላይ እንዳይጽፉ ከልክያለሁ፤ እሱም አልተመረቀም። ታንጉ መስኮቱ በትንፋሻቸው ጉም መልበሱን አይታ ተነሳች። በጣቷ መስታወቱ ላይ ኩላሊት ሳለች። ደሙ በየት እንደሚገባ፣ ሽንቱ በየት እንደሚወጣ በዚያ ጎርናና ድምጿ አስረዳች። አንዱ አልገባኝም ሲላት ሌላ መስታወት ላይ ደግማ ሳለችለት። ከዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ በኋላ ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ ገባኝ። ደስ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ደስ ያለኝን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ተያዝን። ሮዳስ የስክሪኑን ገመድ ረስቶ መጣና በጓሮው በር ገባ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ፤ ወንበሮቹ በአንድ ላይ ተንሿሹ። እሱ መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«እትዬ ፅጌ!»

«እያናፈስኩ ነው» አልኩት።

«እሱማ ይታያል» አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ላስቲኩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ «የት ደረሳችሁ?» አላቸው። እስኪጨርሱ አልተነሳም። ሲወጣ ለማንም እናገራለሁ አላለም፣ አልናገርምም አላለም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

አቶ ወልደአረጋይ ጠዋት ጠርቶ ወደ ክፍሉ ወሰደኝ። በብርዱ መስታወቱ እንደገና ጉም ለብሶ የጣት ሥዕሉ ወጥቷል።

«ይህን ባቄላ እዚህ የሳለ ማን ነው?»

«ኩላሊት ነው» አልኩ።

ከአፌ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እርስዎን ነበር የማምነው» አለ። «የዚህ ትምህርት ቤት ደንብ ማለት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ቁልፉን አስረከብኩ። ከምርቃቱ በፊት አንድ ወንበር ቆሽሾ ቢገኝ እኔን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። አልተከራከርኩም። በእሱ ቦታ ብሆን የምለውን ነው ያለው፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ወሩ እያለቀ ነው። ለታንጉ ምን እንደምላት አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 30

ሮዳስ በረንዳው ላይ አስቆመኝ። ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ሠራተኞቹ የክፍሉን ትርፍ ቁልፍ ለእሱ ሰጥተውት ኖሯል።

«እትዬ ፅጌ፣ ቁልፍ ለሰው መስጠት እንደሚቻል ያውቃሉ?» አለኝ።

ተሳዳቢ ነው። ቁልፉን ተቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አናፈስኩ። ሁሉም መጡ። ታንጉን ስለ ፋብሪካው ጠየቅኋት፣ በሌላ ወሬ መሃል፣ እንደ ቀላል ነገር።

«መቀበያው አለፈ» አለች። «ለእናቴ እስከ ፈተናው ታገሺኝ ብያታለሁ።»

ሲወጡ መስኮቱን በጨርቅ ወለወልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተመረቀ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትናንት ከካርቶን መጽሐፍ ስናወጣ፣ ላስቲክ ስንገፍፍ ዋልን። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቀይ ሪባን ታሰረ። እንግዳው መጣ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ተከትሎታል። ወላጆችም ተጠርተዋል፤ ወርቅነሽን ከኋላ ቆማ አየኋት። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ። አቶ ወልደአረጋይ ክፍሉ ገና ዛሬ የተማሪ እግር እንደረገጠው ተናገረ። ሮዳስ ጣሪያ ጣሪያ አየ።

ከዚያ ተማሪዎች ገብተው እንዲጠቀሙ ተባለ፤ እንግዶቹ ሲጠቀሙ እንዲያዩ ነው። ልጆቹ ወደ መደርደሪያዎቹ ተበተኑ። እኔ ባንኮኒው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። የምቆምበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ታንጉ ከመደርደሪያው አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አወጣች። አገላበጠችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። መጽሐፉን ብብቷ ሥር ይዛ ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች። አጠፈችው። በሁለት እጇ ወደ እኔ ዘረጋችው። የምታኖርበት ባንኮኒ ስለሌለ እጆቿ አየር ላይ ቆሙ።

እንግዳው ዞር አለ። «ምንድን ነው የምትሰጣቸው?»

አቶ ወልደአረጋይ አንድም ሰከንድ አላመነታም። «ስጦታ ነው! ተማሪዎቻችን ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያችን ያላቸውን ፍቅር የሚገልጹበት ነው» አለ። ማጨብጨብ ተጀመረ። ካሜራው ተጠጋ። «ይቀበሉ እንጂ ወይዘሮ ፅጌረዳ!» አለ አንድ ሰው። ታንጉ ግራ ገባት፤ እጇን አላጠፈችም። ከኋላ ወርቅነሽም ታጨበጭባለች። ልጇ ለሁለተኛ ጊዜ ያዋጣች መስሏታል።

ያቺ አሜን ብዬ የወሰድኳት የወርቅነሽ ምርቃት ትዝ አለችኝ።

«ስጦታ አይደለም» አልኩ። አልተሰማም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። «ስጦታ አይደለም! መያዣ ነው። መታወቂያ ስለሌላት ጋቢዋን እያስወለቅሁ ነበር መጽሐፍ የምሰጣት። በውርጭ። ያመማትም ጋቢዋን ቆልፌበት ሄጄ ነው።»

ጭብጨባው ቆመ።

ጋቢውን ከእጇ ወስጄ ዘረጋሁትና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። «ለብሰሽ አንብቢ» አልኳት። «ከእንግዲህ የምታስይዢው ነገር የለም።»

እንግዳው ሰዓቱን አየ። አቶ ወልደአረጋይ ሻይ ቡናው ወደተዘጋጀበት ክፍል እየመራ ወሰዳቸው። እኔን አላየኝም። ነገ ቢሮው እንደምጠራ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚለኝም አውቃለሁ።

ወርቅነሽ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀችና መጣች።

«መዋጮ አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ።»

የምትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ልጇን ዞር ብላ አየቻት። ታንጉ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ኬሚስትሪውን ከፍታለች፤ እጇን ከጋቢው አውጥታ ለአንዷ ታስረዳለች፣ ጮክ ብላ።

«ምርቃቴን አልመልስም» አለች ወርቅነሽ። «ግን ፈተናዋ እስኪደርስ በዚች ልጅ ላይ በሩን እንዳይዘጉባት።»

ልጆቹ ሲወጡ መሽቶ ነበር። ጓሮ ሄጄ ጽሑፌን ከባንኮኒው ላይ ላጥኩት። በደንብ አጣብቄው ኖሮ ግማሹ ቀረ።